ጨዋታን ከመከልከል ጨዋታን ማሠራት

ወጣት አንባቢያን፣ ስለ ልጆችና ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ በተነሣ ቍጥር በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ የሚሰማው ክርክር ከሁለት አሳብ አያልፍም። አንደኛው ወገን፣ «ጨዋታው ጊዜን የሚያባክን፣ ዓይንን የሚያደክም፣ ትምህርትን የሚያስረሳ ስለ ሆነ መከልከል አለበት» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «ዘመኑ ያመጣው ነገር ነው፤ ልጅ ይጫወት፣ ተዉት» ሲል ይመልሳል። ሁለቱ ወገኖች ፈጽሞ የማይስማሙ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ልጁ ሌላ ሰው የሠራውን ጨዋታ ከመጫወት በቀር ሌላ ድርሻ ሊኖረው እንደማይችል አስቀድመው መቀበላቸው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስተኛ አሳብ ማቅረብ ነው። ልጆች የኮምፒዩተር ጨዋታን ራሳቸው መሥራት ቢማሩ የፈጠራ ችሎታንና የቴክኒክ ዕውቀትን በአንድነት ያገኛሉ፤ ከሁሉም በላይ ግን ስሕተታቸውን ሳይፈሩ መርምረው ማረምን ይለምዳሉ። ይህን የምለው ከመጽሐፍ ተነሥቼ ብቻ ሳይሆን፣ በመምህርነት ዘመኔ ከታየብኝ ጉድለት ተምሬ ጭምር ነው።

ለብዙ ዓመታት አማርኛ አስተምሬአለሁ። ድርሰት በማርምበት ጊዜ ልማዴ እንደ ሌሎቹ መምህራን ነበር፤ የተማሪውን ደብተር እቀበልና የተሳሳተውን ቃል ሁሉ በቀይ ቀለም አሰምርበታለሁ፤ ከግርጌውም ውጤቱን ጽፌ እመልሳለሁ። ተማሪው ደብተሩን ሲቀበል የሚመለከተው ውጤቱን ብቻ ነበር። ጥቂት ያገኘው አንገቱን ደፍቶ ደብተሩን ይዘጋል፤ ብዙ ያገኘውም ተደስቶ ይዘጋል። ያ ሁሉ ቀይ ቀለም የፈሰሰበትን ዓረፍተ ነገር ተመልሶ የሚያቃና ተማሪ ግን እምብዛም አይገኝም ነበር። እኔም ይህን ሁሉ የስንፍና ውጤት አድርጌ እቈጥረው ነበር። ስሕተት የመጨረሻ ፍርድ እንደ ሆነ አድርጌ ያስተማርኋቸው እኔው ራሴ መሆኔን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ይህን ያስረዳችኝ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በአንድ የክረምት ዕረፍት፣ ልጆች በኮምፒዩተር ጨዋታ መሥራት የሚለማመዱበትን ክፍል እንድጐበኝ ተጋብዤ ነበር። ልጅቷ የምትሠራው ጨዋታ ቀላል ነው። አንዲት ዶሮ በግቢ ውስጥ ትዘዋወራለች፤ የስንዴ ቅንጣት ስትለቅም ነጥብ ታገኛለች፤ ጭልፊት ከነካት ጨዋታው ያልቃል። ዶሮዋንም ጭልፊቱንም የሣለቻቸው ራሷ ናት። ጨዋታውን ጀምራ ዶሮዋን ወደ ቅንጣቷ ስትነዳት ግን ያልጠበቀችው ነገር ሆነ። አንዲት ቅንጣት አንድ ነጥብ ብቻ ማስገኘት ሲገባት፣ በአንድ ሴኮንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ነጥቡ 30 ደረሰ። ዶሮዋ ከቅንጣቷ ላይ እስክትነሣ ድረስም መቈጠሩን አላቆመም።

አፍራ ትዘጋዋለች ብዬ ጠበቅሁ። እርሷ ግን አልተሸማቀቀችም፤ ማንንም ለርዳታ አልጠራችም። የጻፈችውን ትእዛዝ ከላይ ጀምራ ድምፅ እያሰማች ታነብ ጀመር፤ «ሁልጊዜ፣ ዶሮዋ ቅንጣቷን ነክታ ከሆነ ነጥቡ በ1 ይጨምር።» ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አነበበችው። በመጨረሻም፣ «እኔ ‹በነካች ጊዜ› ማለቴ ነበር፤ እሱ ግን ‹ነክታ እስካለች ድረስ› ብሎ ነው የተረዳው» አለች። በእርግጥም ኮምፒዩተሩ በሴኮንድ 30 ጊዜ ያህል ዶሮዋ ቅንጣቷን መንካቷን ይመረምር፣ በመረመረ ቍጥርም አንድ ነጥብ ይጨምር ነበር። ልጅቷ ከነጥቡ ትእዛዝ በታች ሌላ አንዲት ትእዛዝ አስገባች፤ «ቅንጣቷ ወደ ሌላ ስፍራ ትሂድ።» ቅንጣቷ ከዶሮዋ እግር ሥር ወዲያው ስለምትሰወር ነጥቡ አንድ ጊዜ ብቻ ይቈጠራል። ጨዋታው ተቃና፤ ልጅቷም ሳትደነቅ ወደሚቀጥለው ሥራዋ አለፈች።

የተደነቅሁት እኔ ነበርሁ። በሰዋስው ክፍለ ጊዜ የ«ጊዜ»ንና የ«ድረስ»ን ልዩነት በጥቍር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ ተማሪዎቼ ከመገልበጥ በቀር ልዩነቱ ምን እንደሚጠቅማቸው አይታያቸውም ነበር። ለዚህች ልጅ ግን ልዩነቱ የ29 ነጥብ ልዩነት ነው። ስሕተቷን የነገራት ቀይ ቀለም ሳይሆን የገዛ ሥራዋ ነው፤ የገሠጻትም፣ ያሳፈራትም ሰው አልነበረም። ከፊቷ የነበረው ነገር ፍርድ ሳይሆን ገና ያላለቀ ሥራ ነበር። በእኔ ክፍል ስሕተት የትምህርቱ ማብቂያ ሲሆን፣ በዚያ ክፍል ግን የትምህርቱ መጀመሪያ ሆኖ አገኘሁት።

እንዲህ ያለው የማስተማሪያ ዘዴ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። በ1967 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ሴይሞር ፓፐርትና የሥራ ባልደረቦቹ በአሜሪካ አገር ሎጎ የተባለውን ለልጆች የታሰበ የኮምፒዩተር ቋንቋ ፈጠሩ። ፓፐርት በደቡብ አፍሪካ የተወለደ የሒሳብ ሊቅ ሲሆን፣ የልጆችን አስተሳሰብ በማጥናት ከታወቀው ከዣን ፒያጄ ጋር በጄኔቭ ሠርቷል። በሎጎ ልጁ አንዲትን «ኤሊ» ያዝዛል። «ወደ ፊት 100፤ ወደ ቀኝ 90» የሚለውን ትእዛዝ አራት ጊዜ ቢደግም ኤሊዋ እኩል ጐኖች ያሉት አራት ማዕዘን ትሥላለች። ተሳስቶ «ወደ ቀኝ 80» ቢል ግን የመጨረሻው መስመር ከመነሻው ሳይገጥም ይቀራል፤ ልጁም ስሕተቱን በዓይኑ ያያል። ፓፐርት በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ አጥብቆ የተከራከረለት ቁም ነገር፣ ኮምፒዩተር ልጁን የሚያዝዝ ሳይሆን ልጁ ኮምፒዩተርን የሚያዝዝ መሆን አለበት የሚል ነው። በ2007 ደግሞ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በሚቸል ሬዝኒክ የሚመራው ቡድን ስክራች የተባለውን ፕሮግራም ያለ ዋጋ ለዓለም ልጆች አቀረበ። በስክራች ትእዛዝ የሚሰጠው ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸውን የትእዛዝ ቍርጥራጮች እንደ ግንብ ድንጋይ አንዱን ባንዱ ላይ በመግጠም ነው። ከሚመረጡት ቋንቋዎችም አንዱ አማርኛ ነው። የዶሮዋ ጨዋታ የተሠራውም በዚሁ በስክራች ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ባለው ሥራ የሚገኘው የቴክኒክ ዕውቀት ምንድን ነው? ዶሮዋን በተፈለገው ስፍራ ለማቆም ልጅቷ ሁለት ቍጥር መስጠት አለባት። የስክራች መድረክ መካከሉ ዜሮ ሲሆን፣ ወደ ቀኝ እስከ 240፣ ወደ ላይ እስከ 180 ይቈጠራል፤ ወደ ግራና ወደ ታች ሲኬድ ግን ቍጥሮቹ ኔጌቲቭ ይሆናሉ። በሒሳብ ደብተር ላይ ምንም የማይታዘዝላት ኔጌቲቭ ቍጥር እዚህ ዶሮዋን ወደ ግራ ይነዳላታል። ነጥብ ለመቍጠር፣ ዋጋው እየተለዋወጠ ስሙ ግን የማይለወጥ ነገር ያስፈልጋታል፤ ይህም በአልጀብራ የምናውቀው ተለዋዋጭ ነው። ጭልፊቱ ሳያቋርጥ እንዲበር ድግግሞሽን፣ ዶሮዋን በነካ ጊዜ ጨዋታው እንዲያበቃ ሁኔታን መግለጽ ይኖርባታል። ሁኔታ የሚገለጸው ደግሞ በጥገኛ ሐረግ መሆኑን ከሰዋስው ትምህርታችሁ ታውቃላችሁ። በአማርኛ ሁኔታው ይቀድማል፤ ማሰሪያው ይከተላል። «ጭልፊቱ ዶሮዋን ከነካ ጨዋታው ያብቃ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሰዋስው ክፍልም በኮምፒዩተር ክፍልም ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ልዩነቱ፣ አሻሚ ንግግርን ሰው በግምት ሊያልፈው ሲችል፣ ኮምፒዩተር ግን የተጻፈለትን እንጂ የታሰበለትን የማይፈጽም መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ ትርፉ የቴክኒክ ዕውቀት ብቻ አይደለም። ልጅቷ ሥራዋን ስትጀምር ከፊቷ የነበረው ባዶ መድረክ ነው። ዶሮ ትሁን ወይስ ሚዳቋ፣ ግቢ ይሁን ወይስ ጫካ፣ ቀን ይሁን ወይስ ሌት፣ ሁሉን የምትወስነው እርሷ ናት። ከዚህም በላይ ስለ ሌላ ሰው ማሰብ ግድ ይሆንባታል። ጭልፊቱ እጅግ ፈጣን ከሆነ ተጫዋቹ ተስፋ ይቈርጣል፤ እጅግ ዘገምተኛ ከሆነም ይሰለቻል። በዚያ ቀን ልጅቷ ጨዋታዋን አጠገቧ ለነበረ አንድ ታናሽ ልጅ ሰጠችው። ልጁ ማሽኑን ትኵር ብሎ ሲመለከት ቈየና፣ «በምኑ ነው የምትሄደው?» ሲል ጠየቃት። ዶሮዋ በየትኛው ቍልፍ እንደምትነዳ መጻፍ ረስታ ነበር፤ እርሷ ስለምታውቀው ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስሏታል። ወዲያው አንድ መስመር መግለጫ ጻፈች። ድርሰት ስትጽፉ የሚገጥማችሁም ችግር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ጸሐፊው በልቡ ያለውን ነገር አንባቢው አስቀድሞ የሚያውቀው ይመስለዋል። ጨዋታ ሠሪው ተጫዋቹን እንደሚያስብ ሁሉ ጸሐፊም አንባቢውን ማሰብ አለበት።

እዚህ ላይ ግን ነገሩን ማጋነን አይገባም። በኒውዮርክ የባንክ ስትሪት ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባደረጉት ጥናት፣ ሎጎን ለአንድ ዓመት የተማሩ ልጆች ሌላ ሥራን በማቀድ ረገድ ካልተማሩት ልጆች በልጠው አልተገኙም። በእንግሊዝ አገር ከ100 በላይ ትምህርት ቤቶች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2018 የታተመ ጥናትም፣ ስክራችን ከሒሳብ ጋር የተማሩ ልጆች ችግርን ከፋፍሎና በቅደም ተከተል አደራጅቶ በማሰብ ሲሻሻሉ፣ በሒሳብ ፈተና ግን ብልጫ እንዳላሳዩ ገልጿል። በፔሩ 319 የገጠር ትምህርት ቤቶችን ያካተተው በ2012 የወጣው ጥናት ደግሞ፣ ለልጆች ላፕቶፕ መታደሉ ብቻውን የሒሳብና የቋንቋ ውጤታቸውን ከፍ እንዳላደረገው አስረድቷል። እነዚህን ጥናቶች የምጠቅሰው አሳቤን ለመሻር ሳይሆን በልኩ ለማቆም ነው። ጨዋታ የሠራ ልጅ ጨዋታ በመሥራቱ ብቻ በሌላው ትምህርት ሁሉ ይበረታል ብሎ ቃል መግባት ማታለል ነው። ማሽንም መምህርን አይተካም። ልጅቷ «በነካች ጊዜ» ያለችውን በሒሳብና በአማርኛ ክፍል እንድታስታውሰው የሚያደርጋት፣ አጠገቧ ቆሞ «ይህንኑ ነገር የት ታውቂዋለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ነው።

ሌላው ተቃውሞ ስለ ጊዜ የሚነሣው ነው። «ልጆቹ ቀድሞም ከስልክ አልተላቀቁም፤ አሁን ደግሞ በትምህርት ስም ሰበብ ልንሰጣቸው ነውን?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ከማሽን ፊት ለረጅም ሰዓት መቀመጥ መልካም እንዳልሆነ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን መጫወትና መሥራት አንድ አይደሉም። ብዙዎቹ በንግድ የሚሠራጩት ጨዋታዎች ተጫዋቹ ሳይነሣ እንዲቈይ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ልጁ የዚህን አሠራር የሚያውቀው ራሱ ጨዋታ በሠራ ጊዜ ነው። ተጫዋቹ ሊያሸንፍ ጥቂት ሲቀረው ጭልፊቱን ማፋጠን በእርሱ እጅ ሲሆን፣ ሌሎች ሰዎችም በእርሱ ላይ እንዲሁ እንደሚያደርጉ ይገባዋል። የወጥመዱን አሠራር ያወቀ ከወጥመዱ ለመራቅ ይቀለዋል።

«ኮምፒዩተር በሌለበት ትምህርት ቤትስ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነው። መብራት ያልገባበት ትምህርት ቤት መኖሩን አውቃለሁ፤ ለእንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ስለ ስክራች ብቻ መናገር መቀለድ ይሆናል። ነገር ግን «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» እንደሚባለው፣ ከዚህ ትምህርት የሚበዛው ክፍል ማሽን እንደማይፈልግ ዘንግተነዋል። ገበጣን ውሰዱ። በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ ተቈፍሮ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ቢገባ 48 ጠጠር ይበቃል። አሁን ገበጣን አይቶ የማያውቅ ሰው ወረቀቱን ብቻ አንብቦ መጫወት እንዲችል ደንቡን ጻፉ። ተጫዋቹ ከየትኛው ጉድጓድ ይነሣል? ጠጠሩን ወደ የት አቅጣጫ ያድላል? የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ብታርፍስ? ጨዋታው መቼ ያልቃል? ከዚያም ወረቀቱን ለሌላ ተማሪ ስጡና የተጻፈውን ብቻ፣ አንድም ሳይጨምር እንዲፈጽም አድርጉ። ደንቡ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ ገበጣን አውቃለሁ የሚሉ ሁለት ተማሪዎች እንኳ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ይከራከራሉ። በየክርክሩ የሚገኘው ጉድለት ያው የዶሮዋና የቅንጣቷ ጉድለት ነው። ይህን የለመደ ልጅ ኮምፒዩተር ባገኘ ቀን እንግዳ አይሆንም።

በመጨረሻም፣ «ሁሉም ልጅ ጨዋታ ሠሪ ወይም የኮምፒዩተር ባለሙያ አይሆንም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ አይሆንም። ነገር ግን ድርሰት የምናስተምረው ተማሪው ሁሉ ደራሲ እንዲሆን አይደለም። አሳቡን ለይቶ፣ አደራጅቶ፣ ሌላው በሚረዳው መንገድ እንዲገልጽ ነው። ጨዋታ ማሠራትም እንዲሁ ነው። የልብስ ስፌት ባለሙያም፣ ገበሬም፣ ነርስም ቢሆን የሠራው ሥራ እንዳሰበው ባልሆነ ጊዜ ተረጋግቶ «የት ላይ ተሳሳትሁ?» ብሎ መመርመር ይኖርበታል።

ስለዚህ ይህን ትምህርት የሚሰጥ መምህር ሦስት ነገሮችን ቢጠብቅ መልካም ነው። አንደኛ፣ ሥራው ትንሽ ይሁን፤ በአንድ ሳምንት የሚያልቅ አንድ ጨዋታ፣ በዓመት ከማያልቅ ትልቅ ዕቅድ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ልጁ ስሕተቱን ራሱ አግኝቶ በቃሉ ያስረዳ፤ መምህሩ ቸኵሎ እጁን ማሽኑ ላይ አያኑር። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ሥራ በሌላ ልጅ ይሞከር፤ ሠሪው ስለ ተጫዋቹ የሚማረው በዚያን ጊዜ ነውና።

እኔም ከዚያ ክረምት በኋላ ድርሰት የማርምበትን ልማድ ለወጥሁ። ውጤት ከመጻፌ በፊት ደብተሩን እመልሳለሁ፤ ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን ድምፅ እያሰማ አንብቦ፣ ያሰበውንና የጻፈውን አስተያይቶ፣ አርሞ ሲያመጣው ብቻ ውጤት እሰጣለሁ። ሥራው በዛብኝ እንጂ አልተጸጸትሁም። ደብተሩን ሳያነብ የሚዘጋው ተማሪ ቍጥር እያነሰ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁና።

እናንተም፣ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ አሳብ ልትስማሙም ላትስማሙም ትችላላችሁ፤ የማትስማሙበትን ክፍል ከነምክንያቱ ጽፋችሁ በክፍል ውስጥ ብትከራከሩበት ደስታዬ ነው። ከዚያ በፊት ግን በልጅነታችሁ የተጫወታችሁትን አንድ ጨዋታ ምረጡ፤ ደንቡን ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ አስቀምጡ፤ ጨዋታውን ለማያውቅ ጓደኛችሁም ስጡት። ጓደኛችሁ ተሳስቶ ቢጫወት አትሣቁበት፤ ወረቀታችሁን መልሳችሁ አንብቡ። የተሳሳተው እርሱ ሳይሆን ከጻፋችኋቸው ቃላት አንዱ ሊሆን ይችላል።